የጋሽ ኪሩቤል ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ድሬዳዋን ማንገብገብ ሳትጀምር፣ ሄራን የአባቷን ወንበር ትወለውላለች። መጀመሪያ መቀመጫውን በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ መደገፊያውን፣ በመጨረሻም መደገፊያው ላይ የተሰካችውን የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል ድምፅ ማውጫ በለስላሳ ብሩሽ። አቧራ ከገባባት የአባቷ ድምፅ ይሻክራል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጋለች። ወንበሩ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም፤ አቧራው ግን በየሳምንቱ አለ፤ የድሬ አቧራ ማንንም አይምርም።

የደቻቱ ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች አዳራሽ ስልሳ ሦስት ወንበር አለው። ሃያ ሁለቱ የእንጨት ናቸው፤ እነሱ ላይ ሰው ይቀመጣል። አርባ አንዱ ሰማያዊ ናቸው። የሰማያዊዎቹ ባለቤቶች ሞተዋል፤ ግን አዳራሹ ውስጥ “ሞተ” የሚል ቃል ነውር ነው። “ነባር አባል” ነው የሚባለው።

ነባር አባላት ይከራከራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። በሕይወት ሳሉ አዳራሹ ውስጥና ስታዲየሙ ውስጥ የተናገሩትን ሁሉ የድምፅ መቅጃው ሲለቅም ኖሯል፤ ሲያርፉ የለቀመው ለወንበራቸው ይሰጣል፣ ወንበሩም ከዚያ ይቀጥላል። እንዴት እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የቡድኑን አሰላለፍ የሚያወጣው አዳራሹ ነው፤ አሰልጣኙ ሦስት ሰዓት ሲሆን በር ላይ ቆሞ የአስራ አንዱን ስም የያዘ ወረቀት ይቀበላል፣ እጅ ነስቶ ይሄዳል።

ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ አለው። የነባሩ ወንበር ተዘርግቶ እስካለ ድረስ ድምፁ የእሱ ነው፤ የቤተሰቡ ሥራ ስም ሲጠራ “አለ” ብሎ መመለስ ብቻ ነው። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መላሽ ከጠፋ ወንበሩ ይታጠፋል፣ ድምፁም ለቤተሰቡ ይተላለፋል። የታጠፈ ወንበር ተመልሶ አይዘረጋም። በአዳራሹ ታሪክ የታጠፉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ቤተሰቡ ከአገር የጠፋባቸው። ሰው ቁጭ ብሎ እያየ የአባቱን ወንበር ያሳጠፈ የለም።

የሄራን አባት፣ ጋሽ ኪሩቤል፣ በሕይወት ሳለ ሁለት ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ የኤረር ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩን ሳይበጥስ አንድ ወጥ አድርጎ ለልጁ የሚያስረክብ ሰው ነበር። አዳራሽ ሲገባ ግን የአንገቱ ደም ሥር ይገተራል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። ቤት ውስጥ መቅጃ አይወድም ነበር፤ “ሰው ቤቱ ውስጥ እንኳ ዝም ይበል እንጂ” ይል ነበር። ስለዚህ የቀረው የቅዳሜው ሰውዬ ነው። የብርቱካኑ ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ሄዷል።

ከአንድ ነገር በቀር። አባቷ መናገር ሲጀምር ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይስል ነበር፣ ኧህ ኧህ፤ ቤትም እንዲሁ፣ አዳራሽም እንዲሁ። ወንበሩም ይስላል። ሄራን ኳስ አትወድም፣ ገብቷትም አያውቅም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜን የምትመጣው ለዚያች ሳል ነው።

በዚያ ቅዳሜ ክርክሩ ስለ ልጇ ነበር።

ልጇ ዳምጠው አስራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አያቱ ሲያርፍ ገና አልተፀነሰም። ዘንድሮ የደቻቱ ኮከብ አስር ቁጥር ሆኖ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። ጨዋታ የሚያቀናብረው እሱ፣ ኳስ የሚያከፋፍለው እሱ፣ ኳስ የሚነጠቀውም እሱ። በአራተኛው ጨዋታ የተነጠቃት ኳስ ቀጥታ ግብ ሆነችባቸው፣ ባለፈው ሳምንትም አዳራሹ አስቀመጠው። የአንድ ወጣት ስም ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስት ጊዜ ከወደቀ የክለቡን ማልያ ዳግመኛ አይለብስም። ዛሬ ሁለተኛው ነበር።

“አቦ ተውን!” አለ ሚኪያስ የሚባለው የባጃጅ ጠጋኝ፣ ከእንጨት ወንበሩ ብድግ ብሎ። “ልጁ ዓይን አለው! ማናችንም የማናየውን ክፍተት ያያል። በአራት ጨዋታ ሰው ይፈረድበታል እንዴ?”

“በአራት ጨዋታ አስራ ዘጠኝ ኳስ ተነጥቋል” አለ ነባሩ አቶ ያፌት፣ ከሰማያዊ ወንበሩ። “አስራ ዘጠኝ! የእኔ ሚስት ዕድሜ ልኳን ገበያ ውላ ይህን ያህል አልተነጠቀችም።”

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ያፌት ይህን ቀልድ ሲናገር አስራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው። የእንጨቶቹ ሰዎች የሳቁት ለወጉ ነው። ሰማያዊዎቹ ግን ከልብ ሳቁ፣ ሁሉም እኩል ጀምረው እኩል አቆሙ።

“ልጁ ፈርቷል” አሉ ጋሽ ናሆም። የአባቷ ወዳጅ ነበሩ፤ ከእንጨቶቹ መካከል የመጨረሻው ሽማግሌ ናቸው። “እኛ ነን ያስፈራነው። ቁጭ ብሎ እንዴት ይደፍራል? ካልተጫወተ በምን ይለምደዋል?”

ኧህ፣ ኧህ።

ሄራን ዓይኗን ጨፈነች። ለዚያች ቅጽበት አባቷ አጠገቧ ነበር።

“ኳሷን አይለቃትም!” ብሎ ጮኸ ወንበሩ። “ስንት ጊዜ ልንገረው? ኳሷን ልቀቃት! ልቀቃት! እግሩ ሥር ሸሽጓት ሊያሳድጋት ነው? አይሰለፍ!”

ድምፅ ተሰጠ። ይሰለፍ ያሉ ሠላሳ አንድ፣ አይሰለፍ ያሉ ሠላሳ ሁለት።

ሠላሳ ሁለተኛው ማን እንደሆነ ሄራን አልጠፋትም።

*

አርብ ምሳ ላይ ዳምጠው እንጀራውን እየቆረሰ መልሶ ያስቀምጠው ጀመር። ሄራን አይታ እንዳላየች ሆነች።

“እማ፣ አያቴ ነገም ይጥለኛል አይደል?”

“ማን ያውቃል።”

“ይጥለኛል።” ሳቅ ብሎ አንገቱን አቀረቀረ። “ደግሞ ልክ እኮ ነው። ኳስ አበዛለሁ። ልለቃት እያልኩ ትቀራለች።”

ልጁ ያደገው ከዚያ ወንበር ሥር ነው። ሌላው ሕፃን ተረት ሲሰማ እሱ “ልቀቃት” ሲሰማ ነበር። ሜዳ ገብቶ ኳስ በደረሰው ቁጥር ያ ድምፅ ጆሮው ላይ እንደሚያቃጭልበት፣ እግሩም በዚያ የተነሳ እንደሚተሳሰር ሄራን የገባት ዘንድሮ ነው።

“በእኔ ምክንያት ግን ምንም እንዳታደርጊ” አላት። “ወንበሩን ማለቴ ነው። ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ።”

“ምን ላደርግ? ብላ ይልቅ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።”

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ነበር። የአዳራሹ ጠባቂ ወይዘሮ ማክዳ አብረዋት የተማሩ ናቸው፤ በሩን ከፈቱላትና “እጣቢ ላፍስስ” ብለው ወጡ። ሄራን ከወንበሩ ፊት ቆመች። ለነባር አባል የቤተሰብ ወሬ መንገር ክልክል ነው። ድሮ አንዷ ለባሏ ወንበር ሌላ ማግባቷን ነግራው፣ ወንበሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ሲደጋግም ነበር ይባላል። ቃሉ ምን እንደነበረ የሚናገር የለም።

“አባዬ” አለች።

ወደ ድምፅ ማውጫዋ ጠጋ አለች።

“አባዬ፣ ስለዚህ ስለ አስር ቁጥሩ ልነግርህ ነው የመጣሁት። ዳምጠው እኮ የእኔ ልጅ ነው። የልጅ ልጅህ ነው። ነገ ከወደቀ አበቃለት፤ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም፣ ሌላ የሚወደውም የለም። አንድ ድምፅ ነው የጎደለው። ያንተ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ለእኔ ብለህ…”

ኧህ፣ ኧህ።

“እና ምን ይሁን?” አለ ወንበሩ። “ኳስ ሜዳ ላይ ዘመድ የለም!”

ይህቺን አነጋገር ታውቃታለች። አባቷ በሕይወት ሳለ አንድ ቅዳሜ፣ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ካልተሰለፈ ተብሎ ጸብ ሲነሳ፣ ጠረጴዛ መትቶ የተናገራት ናት። ያኔ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ሰምታለች። ስለ ዘመድ የተናገረው ያቺን ብቻ ነበር፤ ወንበሩም ያለው ያው ነው። የብርቱካኑ ሰውዬ ምን ይላት እንደነበር ማንም ሊነግራት አይችልም።

“አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። ሄራን ነኝ።”

ድምፅ ማውጫዋ እዝዝ አለች።

“አንቺ ማነሽ?” አለ ወንበሩ፣ በጨዋ ድምፅ። “የማን ልጅ ነሽ?”

አባቷ በሕይወት ሳለ ሄራን አዳራሹ ውስጥ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። እና ወንበሩ የሴት ልጁን ድምፅ ከየት ያውቀዋል? አስራ ዘጠኝ ዓመት አቧራውን ስትጠርግለት፣ ከጎኑ ሆና “አለ” ስትልለት፣ ለእሱ የማትታወቅ ሴት ነበረች። እንባዋ ፊቷን ሞላው። ጨርቋን አነሳችና፣ ሌላ የምትሠራው ስላጣች፣ መደገፊያውን ወለወለች።

*

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጸሐፊው አቶ ባሮክ መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ጀመረ። ስም በተጠራ ቁጥር ከአንዱ ጥግ “አለ”፣ “አለች” ይባላል፤ አንዱ እያዛጋ፣ አንዱ ጎረቤቱን እያዋራ።

“አቶ ኪሩቤል አስራት!”

ሄራን ከወንበሩ ጎን በርጩማ ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

“አቶ ኪሩቤል አስራት!”

“ሄራንዬ፣ አልሰማሽም መሰለኝ” አሉ ጋሽ ናሆም በሹክሹክታ። “በይ እንጂ ልጄ።”

ወሬው ቆመ። የእንጨቶቹ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። አቶ ባሮክ ብዕሩን አንስቶ እንደያዘ ቀረ። ያኔ ነው ከጎኗ የተሰማው።

ኧህ፣ ኧህ። “አለሁ።”

ነባር አባል ለራሱ መልሶ አያውቅም። ወንበሮቹ ስም ጥሪ ላይ የሚናገሩበት ምክንያት የለም፤ ጥሪው ለእነሱ አይደለም። ሚኪያስ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ።

“አለሁ እኮ” አለ ወንበሩ። “ምን ሆናችኋል?”

“በደንቡ…” የአቶ ባሮክ ድምፅ ቀጠነ። “በደንቡ መሠረት የሚመልሰው ቤተሰብ ነው።” መዝገቡን እንጂ ማንንም ሳያይ ሦስተኛውን ጠራ። “አቶ ኪሩቤል አስራት።”

ሄራን ተነሳች።

“የለም” አለች። “አባቴ የለም። ከሞተ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።”

አርባ አንዱ ሰማያዊ ወንበሮች ጸጥ አሉ። በተለምዶ ዝም ሲሉ እንኳ የምትሰማ ቀጭን እዝዝታ አለች፤ እሷም ቆመች። ከዚያ ነባሩ አቶ ያፌት፣ ቀልድ በሌለበት ድምፅ፣

“ማነው የሞተው?” ሲል ጠየቀ።

“ማነው የሞተው?” አለ ሌላ ወንበር፣ ከኋላ ረድፍ።

ወይዘሮ ማክዳ ከጓዳ ወጡ። ማጠፍ የእሳቸው ሥራ ነው፤ ሠርተውት ግን አያውቁም። ሄራንን አዩአት። ሄራን ራሷን ነቀነቀችላቸው። መደገፊያውን ይዘው ወደ ፊት መጫን ሲጀምሩ ወንበሩ ሳል እንኳ ሳያስቀድም ጮኸ። ይህን ንግግር ሁሉም ያውቀዋል፤ ጋሽ ኪሩቤል ቡድኑ ተመርቶ ሰው ቀድሞ ሊወጣ ሲነሳ የሚለው ነበር።

“ቆዩ እንጂ! ጨዋታው አላለቀም! ወዴት ነው የምትሄዱት? ቆ…”

ወንበሩ ታጠፈ።

ለሄራን የእንጨት ወንበር መጣላት። ክርክሩ በዚያ ቀን አጭር ነበር፤ አቶ ያፌትም አልቀለደም። ድምፅ ሲሰጥ እጇን አወጣች። ይሰለፍ ያሉ ሠላሳ ሁለት፣ አይሰለፍ ያሉ ሠላሳ አንድ።

*

እሑድ አስራ አንድ ተኩል ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ዳምጠው አስር ቁጥር ለብሶ ገባ። ጥሩ አልተጫወተም፤ መጥፎም አልተጫወተም። ሄራን እንደ ሁልጊዜው አፏን በነጠላዋ ይዛ በደጋፊው ረድፍ ተቀመጠች። የወንበሩ ወሬ ለልጇ ደርሶት እንደሆነ እንጃ፤ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ አላያትም፣ ሲወጣም “ደህና ዋይ” ብሎ ብቻ ነው የሄደው።

በስልሳ ሁለተኛው ደቂቃ ኳስ ደረሰችው። አጥቂው በግራ በኩል ባዶ ሜዳ ላይ እጁን አንስቶ ይጠራል። ዳምጠው ግን ኳሷን እግሩ ሥር አድርጎ ቆመ። አንድ ተከላካይ መጣበት፤ ሁለተኛው ከኋላ መጣ። ልጇ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቀው ነገር።

ሄራን መቼ እንደተነሳች አታውቅም።

“ልቀቃት!” ብላ ጮኸች። “ኳሷን ልቀቃት!”

ድምፁ ከራሷ ጉሮሮ መውጣቱን ያወቀችው ረድፉ ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። ጋሽ ናሆም ፊታቸው አመድ ሆነ። “የኪሩቤል አነጋገር…” አሉ፣ አልጨረሱትም።

ዳምጠው ለቀቃት። ኳሷ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ሾልካ አጥቂው እግር ላይ ደረሰች፤ ግብ ሆነች። ሰው አበደ። ልጇ ግን አልጨፈረም። ሜዳው መሐል ቆሞ ወደ ደጋፊው ረድፍ፣ ወደ እሷ ያይ ነበር፤ ፊቱ ከእስር የተፈታ ሰው ፊት አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ባሮክ የሚፈረም ወረቀት ይዞ መጣ። “እንግዲህ የራስሽ ድምፅ ስላለሽ መዝገብ ተከፍቶልሻል” አላት። “የሚለቀመው ኳስን የሚመለከተው ብቻ ነው፤ ሌላውን፣ የቤተሰብ ወሬውን፣ የመቅጃው ማጽጃ ቆርጦ ያወጣዋል። እስካሁን ያለሽን ልትሰሚው ትችያለሽ።”

ሰማችው። ከሰባት መቶ የሚበልጥ “አለ”፤ የጠዋት፣ የክረምት፣ የጉንፋን፣ አንዳንዱ ከእንቅልፍ ያልነቃ። ቀጥሎ አንድ “የለም”። በመጨረሻ “ልቀቃት! ኳሷን ልቀቃት!”

“አርብ ዕለት ከአባቴ ጋር ያወራሁትስ?”

አቶ ባሮክ ወረቀቱን አገላበጠ። “የቤተሰብ ወሬ ነበር። ጸድቷል።”

ሄራን ጣሪያውን፣ መቅጃው የተሰቀለበትን ጥግ ቀና ብላ አየችው። አንድ ቀን ከእሷ የሚተርፈው ይኼው ነው። ሰማያዊ ወንበር ይሆናል፤ ልጇ መጥቶ ይወለውለዋል፤ ወንበሩም ቀና ብሎ የማን ልጅ ነህ ይለዋል።

ክርክሩ ሲከፈት እጇን አወጣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

“ልጄ ዳምጠው ይሰለፍ” አለች፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብላ፣ ለልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው። ያን ቅዳሜ አለችው፤ የሚቀጥለውንም። ጉልበቱን ታሞ ከኳስ እስኪወጣ ስድስት ዓመት አለችው። ከወጣ በኋላም አላቆመችም። ሰው ዕድሜ ነው ብሎ ይታገሳት ነበር፤ እሷ ግን የምትናገረው ለሰው አልነበረም።

*

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ዳምጠው የእናቱን ወንበር ይወለውላል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ለመንበርከክ ደህናውን ጉልበቱን ያስቀድማል። መቀመጫውን በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ መደገፊያውን፣ በመጨረሻ ድምፅ ማውጫዋን በብሩሽ።

የዘንድሮው አስር ቁጥር ጀማል ይባላል፤ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። ይፈራል፣ ኳስ ይነጠቃል። ግን ዓይን አለው፤ ዳምጠው በአንድ እይታ ነው ያወቀው። ስሙ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ ሠላሳ አንድ ለሠላሳ ሁለት ወድቋል። ዛሬ ሦስተኛው ነው። የጀማል እናት በር ላይ ቆማለች፤ ገብታ እንድትቀመጥ ቢለምኗት እምቢ ብላለች። ለማንም ምንም አላለችም። ዳምጠውን ብቻ ነው የምታየው፤ ሠላሳ ሁለተኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ነግረዋታል።

የእናቱ ወንበር ባለፈው ቅዳሜም፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ቅዳሜዎች ሁሉ እንደሚለው ነበር ያለው። ስለ ጀማል ቢጠይቁት፣ ስለ ማንም ቢጠይቁት፣ የሚመልሰው፣ ለጀማልም “አይሰለፍ” ተብሎ የሚቆጠረው፣ አንድ ነው፦ “ዳምጠው ይሰለፍ።” ከስሙ በፊት አንዲት አጭር ባዶ ቦታ አለች፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል። ማጽጃው ያወጣው ቃል የነበረባት ናት። ሌላ ሰው አያስተውላትም። ዳምጠው ቅዳሜን የሚመጣው ለእሷ ነው።

ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጠች።

“ወይዘሮ ሄራን ኪሩቤል!”

ዳምጠው ጨርቁን ጨብጦ ዝም አለ። በር ላይ ያለችው ሴት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

“ወይዘሮ ሄራን ኪሩቤል!”

በሩ ላይ ያለችውን ሴት ተመለከታት። እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል፤ አንድ ቃል ነው፤ እናቱ ለእሱ ስትል ተናግራዋለች። ወንበሩ ከጎኑ እዝዝ ይላል፣ ያቺን የአንድ ትንፋሽ ቦታ ይዞ።

“ወይዘሮ ሄራን ኪሩቤል።”

“አለች” አለ ዳምጠው፤ ከዚያ በኋላም ወደ በሩ ዞሮ አላየም።